ከድንገተኛ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሆድን እንዴት እንዝጋ?

የተጠማዘዘው አንጀት ተፈትቷል፣ የተበሳው ተደፍኗል፣ መግሉ ታጥቦ ወጥቷል። በኦፕሬሽን ክፍሉ ያለው ሁሉ «አለቀ» ብሎ እፎይ የሚለው በዚህ ሰዓት ነው። ቀሪው ስፌት ብዙ ጊዜ ለደከመ እጅ ወይም ለጀማሪ ይተዋል። ነገር ግን በ8ኛው ቀን ሆዱ ተተርትሮ አንጀቱ ከፋሻው ሥር የሚገኝ ታካሚ አለ፤ ከዓመት በኋላ በጠባሳው በኩል ቡአ አውጥቶ የሚመለስም አለ። የሁለቱም ችግር ብዙውን ጊዜ የሚጠነሰሰው በዚያች የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በመጀመሪያ ደረጃና በአጠቃላይ ሆስፒታሎች ለሚሠሩ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ ለቀዶ ሕክምና ሬዚደንቶች፣ እንዲሁም ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሀገራችን ለሠለጠኑት የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ነው። የሚመለከተው በሆድ መሃል ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ቅድ ነው። የሆስፒታልዎን ፕሮቶኮልና የበላይ ሐኪምዎን ምክር አይተካም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙ፤ «መዝጋት» የምንለው ነገር ሦስት ውሳኔዎችን ይዟል። ሆዱ ዛሬ መዘጋት አለበት ወይ? ጠንካራው ሽፋን፣ ማለትም ፋሽያው፣ በምን ክርና በምን ዓይነት ስፌት ይያዝ? ቆዳውስ ዛሬ ይሰፋ ወይስ ይቆይ? አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ሦስቱን በአንድ ልማድ ጠቅልሎ ከመመለስ ነው። እያንዳንዱን ለየብቻ ይመልሱ።

1. መርፌ ከመጨበጥዎ በፊት ቆም ይበሉ

ሆዱን ለመጨረሻ ጊዜ ለብ ባለ ኖርማል ሳላይን አጥበው ፈሳሹን ሙሉ በሙሉ ይምጠጡ። ከጉበት ሥር፣ ከጣፊያ ጎንና ከዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ የተረፈ እንዳለ በእጅዎ ይዳስሱ። አንቲባዮቲክን ከሳላይን ጋር ቀላቅሎ ማጠብ አያስፈልግም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያም አይመክረውም። ለታካሚው የሚጠቅመው ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ በደም ሥር የተሰጠው መድኃኒት ነው። ቀዶ ሕክምናው ከረዘመ ወይም ብዙ ደም ከፈሰሰ ድጋሚ መጠን ያስፈልግ እንደሆነ የሰመመን ባለሙያውን አሁኑኑ ይጠይቁ።

ከዚያ ጎዝ፣ ፓክና መሣሪያ ይቆጠር። ቆጠራው ሁለት ጊዜ ነው፤ ፋሽያው ከመዘጋቱ በፊት አንድ፣ ቆዳው ከመዘጋቱ በፊት ሌላ። ቁጥሩ ካልገጠመ ስፌቱ አይጀመርም። ሰዓቱ መሽቷል፣ ታካሚው ደክሟል፣ ቀጣዩ ታካሚ በር ላይ ነው የሚሉት ሁሉ ምክንያት ሊሆኑ አይችሉም።

ቀጥሎ ጓንት ይቀይሩ። መላው ቡድን አዲስ ንጹሕ ጓንት ያድርግ፤ ለመዝጊያም ያልተነካ መሣሪያ ይቅረብ። በ2022 እ.ኤ.አ. በላንሴት የታተመው ቺታ የተባለ ጥናት ቤኒንን፣ ጋናን፣ ናይጄሪያን፣ ሩዋንዳን፣ ደቡብ አፍሪካን፣ ሕንድንና ሜክሲኮን ያካተተ ሲሆን ከ13,000 በላይ ታካሚዎችን ተከታትሏል። ከመዘጋቱ በፊት ጓንትና መሣሪያ በተቀየረባቸው ሆስፒታሎች የቁስል ኢንፌክሽን 16 በመቶ ሲሆን፣ ባልተቀየረባቸው 18.9 በመቶ ነበር። ይህ ውድ መድኃኒት ወይም አዲስ ማሽን ሳይጨመር የተገኘ ውጤት ነው።

ሁለተኛ የመሣሪያ ስብስብ ከሌለዎት መላ አለው። ቀዶ ሕክምናው ሲጀመር ስክራብ ነርሷ አንድ ኒድል ሆልደር፣ አንድ ጥርስ ያለው ፎርሴፕስ፣ አንድ መቀስና ጥቂት መቆንጠጫ ለይታ በንጹሕ ጨርቅ ትሸፍን። ሆዱ እስኪታጠብ ድረስ ማንም አይንካቸው።

2. ሆዱ ዛሬ መዘጋት ይችላል ወይ?

አብዛኛው ይዘጋል። የማይዘጋውን ለይቶ ማወቅ ግን ሕይወት ያድናል። ከሚከተሉት አንዱን ካዩ ከመስፋትዎ በፊት ያስቡበት፦

• ታካሚው ቀዝቅዟል፤ የሰውነት ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በታች ነው፤ ደሙም ከየቦታው እየተንጠባጠበ አልረጋ ብሏል።
• የአንጀቱ አንድ ክፍል በሕይወት መኖሩ አጠራጣሪ ስለሆነ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል።
• አንጀቱ ከማበጡ የተነሳ ከቁስሉ ከንፈር በላይ ቆሟል፤ ወደ ውስጥ የሚገባው በግፊት ብቻ ነው።
• የፋሽያውን ጠርዞች ለሙከራ ሲያቀራርቧቸው የሰመመን ባለሙያው የአየር ግፊቱ ከፍ ማለቱን ይነግርዎታል።

በግድ የተዘጋ ሆድ ኩላሊትን፣ ሳንባንና ልብን ያፍናል። በሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ከ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ቆይቶ አዲስ የአካል ክፍል ድክመት ከተከተለ አብዶሚናል ኮምፓርትመንት ሲንድሮም ይባላል። ግፊቱን ለማወቅ የግድ ሞኒተር አያስፈልግም። ታካሚው በጀርባው ተኝቶ፣ በሽንት ካቴተሩ በኩል 25 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ሳላይን ወደ ፊኛው ገብቶ፣ ቱቦው ቀጥ ብሎ ሲያዝ የሚቆመው የውኃ ከፍታ ከጎን መሃል መስመር ተነሥቶ ትንፋሽ በወጣ ጊዜ በማስመሪያ ይለካል። 27 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ ከ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ጋር እኩል ነው።

ሆዱ ክፍት እንዲቆይ ከወሰኑ አንጀቱን በጸዳ ፕላስቲክ ይሸፍኑት። በ1984 እ.ኤ.አ. ዶክተር ኦስዋልዶ ቦራኤስ በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ የጀመሩት ዘዴ ዛሬም «ቦጎታ ባግ» እየተባለ ይሠራበታል፤ ትልቅ የጸዳ የፈሳሽ ከረጢት ተቀዶ ተዘርግቶ ቁስሉን ይሸፍናል። ፕላስቲኩን የሚሰፉት ከቆዳው ጋር ይሁን፤ ፋሽያውን አይንኩት፣ ለመጨረሻው መዝጊያ ያስፈልግዎታል። ከዚያ ታካሚውን ያሙቁ፣ ፈሳሽና ደም ይስጡ፣ ከፍተኛ ሆስፒታል ጋር ደውለው ሪፈር ያመቻቹ። ሆዱ ከአንድ ሳምንት በላይ ክፍት በቆየ ቁጥር ፋሽያው ወደ ጎን እየሸሸ፣ አንጀቱም የመበሳት አደጋው እየጨመረ ስለሚሄድ መዘግየት የለበትም።

3. ፋሽያውን አጥርተው ያውጡ

የሰመመን ባለሙያው የሚለውን ከመስማት በፊት እርስዎ ይንገሩት፦ «ሆዱን መዝጋት ልጀምር ነው፤ ጡንቻው ይላላልኝ።» ኬታሚን ብቻውን የሆድ ጡንቻን አያላላም። በተወጠረ ሆድ ላይ የተሳበ ክር ፋሽያውን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት የሚሰጥበትና መተንፈሻ የሚታገዝበት ሁኔታ ካለ ማላላቱ እስከ መጨረሻው ቋጠሮ ይቆይ።

ከዚያ ነጩን የፋሽያ ጠርዝ ከላይኛው ማዕዘን እስከ ታችኛው ድረስ በዓይንዎ ይዩት። ስቡን ጠራርገው ሰፊ ቦታ አያራቁቱ፤ ደም የሚያገኘው ከዚያ ነው። የሚፈለገው መርፌው የሚገባበትን ማየት ብቻ ነው። ሁለቱን ማዕዘኖች በኮከር ይያዙ። በተለይ ከእምብርት በታች ፋሽያው ወደ ጎን ሸሽቶ ስብ ብቻ የሚሰፋበት ጊዜ አለና እዚያ ይጠንቀቁ። ፔሪቶኒየሙን ለብቻው መስፋት አያስፈልግም፤ በራሱ ይሽራል።

ሞራውን ጎትተው አንጀቱ ላይ ያልብሱት። ከላዩ እርጥብ ፓክ ካስቀመጡ ነርሷ በቆጠራው ሰሌዳ ላይ ትጻፈው፤ የመጨረሻዎቹ ስፌቶች ከመሳባቸው በፊት መውጣት አለበትና።

4. ክሩን ይምረጡ

ፋሽያ ቀስ ብሎ ነው የሚድነው። ከተሰፋ ከስድስት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ድረስ ከቀድሞ ጥንካሬው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ክሩ ያን ያህል ጊዜ መሸከም አለበት።

• ፒዲኤስ፦ ካለ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ነጠላ ዘር ክር ነው፤ ጥንካሬውን ለሳምንታት ይዞ ቆይቶ በስድስት ወር አካባቢ ሟሙቶ ያልቃል።
• ናይለን፦ በየሆስፒታላችን የሚገኘውና የሚታመነው ነው። አይሟሟም። በቀጭን ታካሚ ላይ ቋጠሮው ከቆዳ ሥር እየወጋ ሊያስቸግር ስለሚችል ቋጠሮውን ወደ ውስጥ ይቅበሩት።
• ቫይክሪል፦ በሦስተኛው ሳምንት ጥንካሬው በግማሽ ይቀንሳል። ሌላ ክር ከሌለ በቀር በድንገተኛ የመሃል ሆድ ቅድ ላይ አይመረጥም።
• ክሮሚክ ካትገት፦ ለፋሽያ ፈጽሞ አይሆንም። ፋሽያው ሳይድን ክሩ ያልቃል።
• የተገመደ ሐር፦ በተበከለ ሆድ ውስጥ ባክቴሪያን በግምዱ መካከል ይደብቃል፤ ይተዉት።

ባክቴሪያ የሚከላከል ቅብ ያለው ውድ ክር ስለሌለዎት አይጨነቁ። በ2021 እ.ኤ.አ. በላንሴት የወጣው ፋልኮን የተባለ ጥናት አነስተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሰባት አገሮች 5,788 ታካሚዎችን አካትቶ በትሪክሎሳን የተቀባው ክር ከተራው ክር የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። ለቆዳ ማጽጃም በአልኮል የተዘጋጀው ክሎርሄክሲዲን ከፖቪዶን አዮዲን የበለጠ አልተገኘም።

5. ይስፉ፣ ይለኩ

ስፌቱ ያልተቋረጠ ተከታታይ ይሁን። አንዱን ክር ከላይኛው ማዕዘን፣ ሌላውን ከታችኛው ይጀምሩ። የመጀመሪያው መርፌ ከማዕዘኑ ትንሽ አልፎ በጤነኛው ፋሽያ ላይ ይውጋ። ሁለቱ ክሮች መሃል ላይ ሲደርሱ በጥቂቱ ተላልፈው ይቋጠሩ።

የርቀት ጉዳይ ላይ ሁለት መንገድ አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ ተሠርቶ በላንሴት የታተመው ስቲች የተባለ ጥናት ከጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር ገብቶ በየ5 ሚሊ ሜትሩ በቀጭን ክር የሚሰፋውን፣ ከጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ገብቶ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ከሚሰፋው ጋር አነጻጽሯል። ከዓመት በኋላ ቡአ የታየባቸው በትንንሹ ስፌት 13 በመቶ፣ በትልልቁ 21 በመቶ ነበሩ። ይህ ጥናት ግን የተካሄደው በቀጠሮ በተሠሩ ታካሚዎች ላይ ነው። ስለዚህ በድንገተኛው ጊዜ እንዲህ ይወስኑ፦

• ፋሽያው ጤነኛ፣ ሆዱ የላላ፣ ቁጥር 2-0 ፒዲኤስ በእጅዎ ከሆነ፣ ትንንሹን ስፌት ይስፉ። ፋሽያውን ብቻ ይያዙ፤ ስብና ጡንቻ አይግባ።
• ፋሽያው በመግል የራሰና የሳሳ ወይም ያለዎት ክር ቁጥር 1 ናይለን ከሆነ፣ ከጠርዙ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ይግቡ፤ በስፌቶቹ መካከል ያለው ርቀት ከ1 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ።

በሁለቱም መንገድ የማይለወጥ አንድ ሕግ አለ፤ የተጠቀሙበት ክር ርዝመት ከቁስሉ ርዝመት ቢያንስ አራት እጥፍ መሆን አለበት። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጄንኪንስ በ1976 እ.ኤ.አ. ያመለከቱት፣ በኋላም በስዊድን በተደጋጋሚ የተጠና ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ታካሚው ሲያስል፣ ሆዱም በጋዝ ሲነፋ ቁስሉ ይረዝማል። ክሩ ካጠረ የሚለጠጠው ነገር ስለሚያጣ ፋሽያውን ይቀደዋል።

አለካኩ ቀላል ነው። ቁስሉን በጸዳ ማስመሪያ ይለኩ፤ 20 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ከመስፋትዎ በፊት ክሮቹን ይለኩ። ሲጨርሱ የተረፈውንና የቆረጡትን ጫፍ ለክተው ከመጀመሪያው ይቀንሱ። ልዩነቱ 80 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደኅና ነው። ድርብ ክር ከሆነ ሁለቱ ዘሮች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ቁጥሩ ካነሰ ወይ ስፌቱ ተራርቋል፣ ወይ ከልክ በላይ ተስቧል፤ ፈትተው እንደገና ይስፉ።

ክሩን ሲስቡ ከልክ በላይ አይሳቡት። ጠርዞቹ ከተነካኩ ይበቃል፤ ክሩ ሥጋውን ጨምቆ ካነጣው ደም አይደርሰውም፣ ያም ሥጋ ይሞታል። ረዳትዎ ክሩን በእኩል ውጥረት ይያዝ። ክሩን በኒድል ሆልደር ጥርስ አይያዙት፤ የተነከሰ ናይለን በኋላ እዚያው ላይ ይበጠሳል። ነጠላ ዘር ክር ስለሚንሸራተት ቋጠሮው ቢያንስ ስድስት ጊዜ ተለዋውጦ ይጠምዘዝ። በመጨረሻ ጣትዎን በስፌቱ ላይ እየጎተቱ ክፍተት ይፈልጉ፤ ክር ውስጥ የገባ አንጀት አለመኖሩንም መጨረሻው ከመቋጠሩ በፊት ከሥር ይዳስሱ።

ከቆዳ በላይ የሚታሰሩ ወፋፍራም መደገፊያ ስፌቶችን ለሁሉም ታካሚ ማድረግ አይመከርም። ሕመሙና በቆዳ ላይ የሚያስከትሉት ቁስል ቀላል አይደለም።

6. ስለ ቆዳው ለብቻው ይወስኑ

ፋሽያው መዘጋቱ ቆዳው ይዘጋ ማለት አይደለም። ከቆዳው ሥር ያለውን ስብ በሳላይን ያጥቡ፣ የሞተውን ቆርጠው ያስወግዱ፣ ደሙን ያቁሙ። ከዚያ ሆዱ ውስጥ ምን እንዳገኙ ያስታውሱ።

ሰገራም መግልም ካልፈሰሰ፣ ለምሳሌ ሳይበሳ የተፈታ የአንጀት መጠማዘዝ ከሆነ፣ ቆዳውን ይዝጉ። ሆዱ በመግል ወይም በሰገራ ተሞልቶ ከነበረ ቆዳውን ክፍት መተው አስተማማኝ ምርጫ ነው። በሳላይን የራሰ ጎዝ በልኩ ያኑሩበት፤ ጠቅጥቀው አይሙሉት። በየቀኑ ይቀየር፤ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ቀይና ንጹሕ ሆኖ ካገኙት በአካባቢ ማደንዘዣ ይስፉት። ካልጸዳ ይቆይ፤ ከሥር እየሞላ ይሽራል።

ማቆየት ሁልጊዜ ይበልጣል የሚል ጠንካራ ማስረጃ እንደሌለ ይወቁ። በታይላንድ በተወሳሰበ የትርፍ አንጀት ሕመም ታካሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት ወዲያው መስፋት ከማቆየት የባሰ ኢንፌክሽን አላመጣም። ስለዚህ ብክለቱ መካከለኛ ሆኖ ታካሚውን በየቀኑ የሚያየው ሰው ካለ፣ አራርቆ መስፋት ይቻላል። ቁስሉን የሚያየው ሰው ከሌለ ግን መግል ከተዘጋ ቆዳ ሥር ተደብቆ ፋሽያውን ይበላዋል።

7. ወዲያው ይጻፉ

በኦፕሬሽን ማስታወሻው ላይ «ሆዱ ተዘጋ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የክሩን ዓይነትና ቁጥር፣ የስፌቱን ዘዴ፣ የቁስሉንና የክሩን ርዝመት፣ ቆዳው ተዘግቶ እንደሆነ ወይም ለምን እንደቆየ፣ የጎዝ ቆጠራው መግጠሙንና ማን እንደሰፋ ይጻፉ። ከዓመት በኋላ የሚከፍተው ሐኪም ይህን ይፈልገዋል።

8. እስከ 14ኛው ቀን ድረስ ይከታተሉ

የተዘጋ ቁስል ፋሻው ካልራሰ ለ48 ሰዓት አይነካ። ሕመሙን በደንብ ያስታግሡ፤ ሕመም የፈራ ታካሚ በጥልቀት አይተነፍስም፣ አክታውም ተከማችቶ በኋላ አጥብቆ ያስለዋል። ሲያስል ትራስ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ ሆዱ ላይ ይጫን። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይነሣ፣ ይራመድ።

አረጋውያንን፣ የደም ማነስ ያለባቸውን፣ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸውን፣ ሆዳቸው ውኃ የቋጠረውን፣ ዓይናቸው ቢጫ የሆነውንና ቁስላቸው ያመረቀዘውን ለይተው ይከታተሉ። ሆድ የሚተረተረው በብዛት በእነዚህ ላይ ነው።

የማስጠንቀቂያ ምልክቱ አንድ ነው፤ ከ5ኛው ቀን በኋላ በድንገት ፋሻውን የሚያርስ ውኃማ ሮዝ ፈሳሽ። ትኩሳት ላይኖር ይችላል፤ ታካሚው «አንድ ነገር ቧ አለብኝ» ሊልዎት ይችላል። ፋሻ ቀይረው አይለፉት። ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ፋሽያው ተተርትሯል ብለው ይያዙት።

9. ስፌቱ ተተርትሮ አንጀት ከወጣ

ታካሚውን ያስተኙ፣ ጉልበቱን አጠፍ ያድርጉ፣ ያረጋጉት። አንጀቱን በእጅ ወደ ውስጥ አይግፉ። ለብ ባለ ሳላይን የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ያልብሱት። ምግብና መጠጥ ይቁም፤ በደም ሥር ፈሳሽ፣ ማስታገሻና አንቲባዮቲክ ይስጡ፤ በአፍንጫ ቱቦ ያስገቡ፤ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ይመልሱት።

እዚያም ከስፌቱ በፊት ምክንያቱን ይፈልጉ። የፈሰሰ የአንጀት ስፌት ወይም ያልወጣ መግል ከውስጥ ሊኖር ይችላል። አሮጌውን ክር ሁሉ ያውጡ፣ የሞተውን ጠርዝ ይቁረጡ፣ ከጠርዙ ራቅ ብለው በጤነኛው ፋሽያ ላይ እንደገና ይስፉ። በግድ የሚገጥም ከሆነ ወደ ሁለተኛው እርምጃ ይመለሱ።

10. ወደ ቤት ሲሸኙ

ታካሚውና አስታማሚው አብረው ይስሙ። የቆዳው ስፌት ከ10 እስከ 14 ባለው ቀን ይወጣል፤ የት ጤና ጣቢያ እንደሚወጣ በወረቀት ይጻፉላቸው። ቁስሉ በንጹሕ ውኃና ሳሙና ይታጠባል፤ ቅቤ፣ ቅጠልና አመድ አይነካውም። ጸበል የሚሄዱ ከሆነ ክፍት ቁስሉ ተሸፍኖ ይቆይ፤ ጸበል አትሂዱ ማለት አያስፈልግም፣ ቁስሉን እንዴት እንደሚጠብቁት ማስረዳት ግን ያስፈልጋል።

በተሸኘ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ጀሪካን፣ ጆንያና እንጨት አይሸከም። ይራመድ፣ ቀላል ሥራ ይሥራ። ምግቡ ሥጋ የሚገነባ ይሁን፤ እንቁላልና ወተት ካልተገኘ ወይም ጾም ከሆነ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ በርከት ብሎ ይብላ። ሲጋራ ይተው።

ትኩሳት፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ ድንገት የሚፈስ ሮዝ ውኃ፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የሆድ መነፋት ከታየ በዚያው ቀን ይመለስ። ጠባሳው ላይ ሲያስል የሚወጣና ሲተኛ የሚገባ እብጠት ካየ ደግሞ ቡአ ሊሆን ስለሚችል፣ ባያመውም ይታይ። እብጠቱ ካልተመለሰና ካመመው ግን ድንገተኛ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ በጀት ሳይጠይቁ ከነገ ጀምሮ ሊሠሯቸው የሚችሉ ሦስት ነገሮች አሉ። በሆድ መክፈቻው ስብስብ ውስጥ የሚጸዳ የብረት ማስመሪያ ይግባ። ለመዝጊያ የሚሆኑ መሣሪያዎች ከመጀመሪያው ተለይተው ይሸፈኑ። በማስታወሻው ቅጽ ላይ «የክር ርዝመት፣ የቁስል ርዝመት» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ከዚያ የተተረተሩትን ሆዶች በየወሩ በመዝገብ ይቁጠሩ፤ በወርኃዊው ስብሰባም መስመሩ የተሞላባቸውን ካርዶች ካልተሞላባቸው ጋር ያስተያዩ።